በወተት ያደረ ዓሣ

ዓሣ ሁሉ ቅርፊት ያለው የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ እንዲያ አይደለም። አንዳንዱ ቆዳው እንደ ታጠበ ሳህን ልሙጥ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ለዓይን ልሙጥ መስሎ እጅ ሲያርፍበት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይቧጥጣል። ሻርክ ከዚህ ከኋለኛው ወገን ነው። ከራሱ ወደ ጅራቱ ቢዳስሱት ይለሰልሳል፤ ከጅራቱ ወደ ራሱ ቢመለሱ መዳፍ ይልጣል። ያ ሻካራ ነገር በአጉሊ መነጽር ሲታይ የሚቀርበው ለጥርስ እንጂ ለቅርፊት አይደለም። ባደግንበት ሥርዓት የሚበላው ዓሣ ክንፍም ቅርፊትም ያለው ብቻ ስለሆነ፣ ሻርክ የቱንም ያህል ቢገዝፍ፣ ሥጋው የቱንም ያህል ቢነጣ፣ ከገበታ ውጭ ነው። ክርክር የለበትም።

ይህን በባሕር ዳርቻ ቆሜ ደጋግሜ ያስረዳሁት ለአንድ ሰው ነበር። ሰውየው በዕድሜ ከእኔ በብዙ ያንሳል፤ ቢሆንም ከባለቤቴ ሞት ወዲህ ከእርሱ የቀረበ ወዳጅ አልነበረኝም። በወጣትነቱ በአሰብ መስመር የነዳጅ ቦቴ ይነዳ ነበር፤ አሁን ከዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልስ ቫን ይነዳል። እኔ በዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ተምሬ የሥራ ዘመኔን በአንድ የሳሙና ፋብሪካ ላቦራቶሪ የጨረስሁ ሰው ነኝ። ሥራዬ ከየዕለቱ ምርት ናሙና ወስዶ መመርመር፣ ደኅና ከሆነም ደኅና ነው ብሎ መፈረም ነበር። እኔ ያልፈረምሁበት ሳሙና ከመጋዘን አይወጣም። በዚህ አገር ፊርማዬን የሚጠይቅ የለም፤ ልማዱ ግን አልለቀቀኝም። ልጄ ገበያ ስትወጣ በዕቃው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቤ ሳልጨርስ ጋሪው ውስጥ እንዳትጨምር ስለምከለክላት፣ ከእኔ ጋር መሄድ ከተወች ቆይታለች።

የምንኖረው ዳላስ አጠገብ ባለችው ሪቻርድሰን ነው፤ ልጄ፣ ልጆቿና እኔ። ባለቤቴ ያረፈች ሰሞን ቀኑን የምገፋው መስኮት አጠገብ ተቀምጬ የጎረቤት መኪና ሲገባና ሲወጣ በማየት ነበር። አንድ ቅዳሜ ወዳጄ መጣ፤ ሰላምታም ሳያበዛ ጫማዬን ከበሩ ሥር አንሥቶ እግሬ አጠገብ አስቀመጠው።

«ይነሡ ጋሼ።»

«ወዴት?»

«ባሕር።»

«ዳላስ ባሕር የለም።»

«ለዚህ እኮ ነው መኪና የተሠራው።»

እስከ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ያለው መንገድ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሂውስተን ካለፈ በኋላ ምድሩ ይዘቀዝቃል፤ አየሩ ጨው ጨው ይላል፤ ከዚያም መኪና በአሸዋው ላይ መንዳት የተፈቀደበት ረጅም ዳርቻ ይመጣል። ውኃው ሥዕል ላይ እንደሚታየው ሰማያዊ አይደለም፤ ጎርፍ እንደገባበት ወንዝ ቡናማ ነው። ወዳጄ መጀመሪያ ያጠምድ የነበረው ትናንሹን ዓሣ ነው። ቆይቶ አጠገባችን ከሚቆሙት የአገሬው ሰዎች የሻርክ አጠማመድ ተማረና ሌላው ሁሉ የልጆች ጨዋታ ሆነበት።

አጠማመዱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከሰው ቁመት እጥፍ የሚሆን ዘንግ አሸዋ ውስጥ በተተከለ ቱቦ ይቆማል። ዘንጉ ላይ ሁለት ቡጢ የሚያህል መጠምጠሚያ አለ፤ በእርሱ ላይ እጅግ ረጅም ክር ተጠቅልሏል። ሻርክ ክር ስለሚበጥስ ከመንጠቆው አስቀድሞ የብረት ሽቦ ይቀጠላል። መንጠቆው ላይ የዓሣ ቁራጭ ይሰካል፤ ቁራጩን ግን ከዳርቻ ወርውረው አያደርሱትም። ወዳጄ ካያክ በሚሏት ጠባብ የፕላስቲክ ታንኳ ተቀምጦ ማዕበሉን እየሰነጠቀ፣ ውኃው ከሚሰበርበት የአሸዋ ጉብታ ወዲያ ወስዶ ይጥለዋል። እኔ ከዳር ሆኜ ክሩ እንዳይላላና እንዳይወጠር እቆጣጠራለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። ሰዓታት ያልፋሉ፤ ፔሊካን የሚባሉት የባሕር ወፎች በሰልፍ ያልፋሉ። ሻርክ ነክሶ ክሩን ሲጎትት፣ መጠምጠሚያውም በድንገት መጮኽ ሲጀምር ወዳጄ ዘንጉን ነቅሎ ወገቡ ላይ ያስደግፋል፤ እኔም ሌሎቹ ክሮች እንዳይጠላለፉ እየሮጥሁ እሰበስባለሁ። በእኔ ዕድሜ ሩጫ ከተባለ ማለቴ ነው። ሻርኩ ሲሸሽ ክር ይለቀቅለታል፤ ሲደክም ይሳባል። ጉልበት የማይሞላ ውኃ ውስጥ ሲደርስ ግራጫ ጀርባው ይታያል። ወዳጄ ጅራቱን ይይዛል፤ እኔ በረጅም ጉጠት መንጠቆውን አወጣለሁ፤ ከዚያም እንለቀዋለን። መልቀቁ የእኔ ሕግ ነበር። የማይበላ ከሆነ የሚገደልበት ምክንያት የለም።

በስሙ ሳይቀር ተከራክረናል። ወዳጄ ሻርኩን ዓሣ ነባሪ ይለው ነበር።

«እርሱ ሌላ ነው» አልሁት። «እርሱ ያጠባል፤ በሳንባ ይተነፍሳል፤ ዓሣም አይደለም። ትክክለኛው ስሙም ዓሣ አንበሪ ነው።»

«ይሄንንስ ምን እንበለው?»

«በአማርኛ ስም የለውም። ደገኛ የት አይቶት ይሰይመዋል? ሻርክ በለው።»

«አሰብ ሳለሁ ዓፋሮቹ ስም ነበራቸው፤ ረሳሁት እንጂ።» ከዚያም ሳቀ። «ስም ከሌለው ግን ጋሼ፣ ቢበላስ ማን ይከሰኛል?»

ቀልድ ነው ብዬ አለፍሁት።

ይዘን የምንመለሰው ቅርፊት ያለውን ብቻ ነበር፤ ከሁሉም ይልቅ ሰውነቱ እንደ መዳብ የሚቀላውንና ጅራቱ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለውን ዓሣ። ወዳጄ ይበልተዋል። እኔ ከእያንዳንዱ ቁራጭ ጫፍ አውራ ጣት የምታህል ቆዳ ከነቅርፊቷ ሳትገፈፍ እንድትቀር አደርጋለሁ። ይህን አሠራር ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም ዓሣው የሚሄደው ወደ ማኅበራችን ነበር።

ማኅበሩ በየወሩ በአባላቱ ቤት በየተራ የሚገናኝ የጸሎትና የማዕድ ማኅበር ነው። ባለቤቴ ካቋቋሙት አንዷ ነበረች፤ ስታርፍ ቦታዋን ለእኔ ሰጡኝ። በሰኔ ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው የቆየ ክርክር እኛም ዘንድ ነበረ። ይበላ ተብሎ የተቆረጠው በአንዲት እናት ቃል ነው። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ። በዕድሜ ከሁላችን ይበልጣሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ በጾም ግን የሚደርስባቸው የለም። የፈቀዱትም በአንድ ውል ነው፤ ቅርፊቱን ያየ ሰው በቃሉ እንዲቆም። ያ ሰው እኔ ሆንሁ። ዓሣ በቀረበ ቁጥር እትዬ ጣታቸውን በዚያች ቆዳ ላይ ያሳርፉና «በዓይንዎ አይተዋል ወንድምዬ?» ይሉኛል። «አይቻለሁ» እላለሁ። አማትበው ይጎርሳሉ፤ ከእርሳቸው በኋላ ሌላው ይጎርሳል። ከሳሙና ፋብሪካው ከወጣሁ ወዲህ ቃሌ የሚፈለግበት ስፍራ ያ ብቻ ነበር።

ባለፈው ሰኔ የማዕዱ ተራ የእኔ ሆነ።

«አባዬ፣ ሽሮና ምስር ይበቃል» አለችኝ ልጄ። «ለምን ራስህን ስትሬስ ታደርጋለህ?»

«እናትሽ በሰኔ ጾም ዓሣ ሳታቀርብ ቀርታ አታውቅም።»

«ኦኬ። ግን ብዙ ሰው ነው የሚመጣው፤ ማለቴ፣ አንድ ሁለት ዓሣ አይበቃም። ዱለት ልሥራው፤ ዱለት ይበረክታል።»

ለማኅበርተኞቹም ዓሣ እንደማቀርብ ተናገርሁ። ወዳጄና እኔ በዋዜማው ገና ሳይነጋ ወደ ባሕሩ ወረድን።

ባሕሩ እንዳሰብሁት አልሆነም። የደቡብ ነፋስ ውኃውን አናውጦት የባሕር አረም በክሩ ላይ እየተጠመጠመ አስቸገረን። እስከ ቀትር ድረስ ያ መዳብ መልክ ያለው ዓሣ አንድ ብቻ ወጣ። ደኅና ዓሣ ነበረ፤ ቅርፊቱንም አየሁ። ቀጥሎ አንድ ሻርክ ያዝን፤ እንደ ልማዳችን ለቀቅነው። ወዳጄ ወገቡን ይዞ ቆመና እየዋኘ ሲርቅ ተመለከተው።

«ይሄን የሚያህል ሥጋ!» አለ። «ማኅበሩን ሁሉ ያጠግብ ነበር።»

«ማኅበሩን ሁሉ ያረክስ ነበር።»

«ችግሩ የቆዳው አይደል እንዴ? አንዴ ከተገፈፈ ማን ያውቀዋል?»

«አፍንጫ ያውቀዋል» አልሁት። የሻርክ ሰውነት ዩሪያ እንዳለበት፣ ሲሞት ያ ወደ አሞኒያ እንደሚለወጥ፣ ሥጋውም የሽንት ቤት ሽታ እንደሚያመጣ አስረዳሁት። ስለ ኬሚስትሪ የሚጠይቀኝ ሰው ስለማላገኝ ስጠየቅ አሳጥሬ አልመልስም። «ፈረንጆቹ ሊበሉት ሲፈልጉ በሎሚ ወይም በወተት ዘፍዝፈው ያሳድሩታል» ብዬም ጨመርሁለት።

«በወተት?»

«በወተት።»

«እኛ በጾም፣ እነሱ በወተት!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ፀሐዩ ሲበረታብኝ ቫኑ ውስጥ ጋደም አልሁ፤ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ስነቃ ወዳጄ ውኃው ዳር ተንበርክኮ ቢላዋ ያጥባል። ዘንጎቹ ተሰብስበዋል፤ የበረዶ ሣጥኑ ተዘግቷል።

«እግዜር ሰጠን ጋሼ! እርስዎ ተኝተው ሳለ ሁለት ትልልቅ መጡ።»

የሣጥኑን ክዳን አነሣሁ። ከጠዋቱ ዓሣ ጎን በፌስታል የታሰረ ነጭና ወፍራም ሥጋ በበረዶው ላይ ተጋድሟል።

«ቆዳውስ?»

«ገፈፍኩት። ለዱለት እኮ ነው፤ ልጅዎ ቆዳ ምን ያደርግላታል?»

«ቅርፊት ነበረው?»

«እንደ ሳንቲም የሚያብለጨልጭ! ይኸው፣ እጄ ላይ ተለጥፎ አልለቅም ብሎኛል» አለና ክንዱን ዘረጋልኝ። እውነትም በክንዱ ፀጉር መካከል ሁለት ሦስት ቅርፊት ያብረቀርቅ ነበር። የጠዋቱ ዓሣ ቅርፊት መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት ያየሁት የወዳጄን ክንድ ነው፤ የወዳጅን ክንድ ደግሞ ማንም በአጉሊ መነጽር አይመረምርም።

በማግሥቱ ቤታችን ሞላ። ልጄ ወጥ ቤቱን ለራሷና ለወዳጄ ይዛ እኔን አላስገባ አለችኝ። «አባዬ፣ ዛሬ ባለተራው አንተ ነህ፤ ሳሎን ተቀመጥ» አለችኝ። ጸሎቱ ደርሶ ማዕዱ ሲቀርብ ሁለት ዓይነት ዓሣ ነበረ፤ የተጠበሰው ከነቆዳ ምልክቱ፣ ከጎኑ ደግሞ በሰፊ ሳህን ዱለቱ። እትዬ አጠገቤ ተቀምጠው ጣታቸውን በተጠበሰው ላይ አሳረፉ።

«በዓይንዎ አይተዋል ወንድምዬ?»

«አይቻለሁ።»

«ይሄኛውስ?» ፊታቸውን ወደ ዱለቱ መለሱ።

«ያንን ያየው ወዳጄ ነው እትዬ። እርሱን እንደ ራሴ አምነዋለሁ።»

«እርስዎ ካመኑት እኔ ምን ቤት ነኝ» አሉና አማትበው ጎረሱ። ሰው ሁሉ ተከተለ።

እኔ የጎረስሁት አስተናግጄ ከጨረስሁ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሚጥሚጣው መጣ፤ ቀጥሎ ቃሪያው፣ ሽንኩርቱ፣ ሎሚው። ሎሚው በዝቷል አልሁ በልቤ። ከሁሉም በታች፣ ምላስ ሳይሆን የአፍንጫ ሥር የሚያውቀው አንድ ነገር ነበረ። ያን ሽታ ዕድሜዬን ሙሉ በላቦራቶሪ ጠርሙስ ስከፍት አውቀዋለሁ። አልተሳሳትሁም። እንዲያ ያለ ነገር ላይ ተሳስቼ አላውቅም።

ጉርሻዬን በሶፍት ጠቅልዬ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ። ልጄ ሰላጣ ትቆርጣለች፤ ወዳጄ ቆሞ ከድስቱ ይቀምሳል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ዓሣ ነዋ ጋሼ» አለ ወዳጄ።

«ቅርፊቱ የታለ?»

«ዱለት ውስጥ ቅርፊት ይፈልጋሉ እንዴ?» ሊስቅ ሞክሮ ፊቴን አየና ተወው።

«በምን ዘፈዘፋችሁት?»

እርሱ ወደ ልጄ ዞረ። ልጄ ቢላዋውን አስቀመጠች። «አባዬ፣ ቀስ በል፤ ይሰማሉ። ሽታ ስለነበረው ወተት ውስጥ አደረ። ግን በደንብ ሪንስ አድርጌዋለሁ።»

«በጾም?»

«ታጥቧል እኮ አልኩህ።»

ሻርክ መሆኑንም ታውቅ እንደነበር ከዓይኗ አየሁ። አንዱን ውሸት በሌላው አጥበውት ነበር። ወተቱን ያስተማርሁትም እኔው ነኝ፤ ትምህርቴ በዓመታት ውስጥ አንድ ጊዜ ሥራ ላይ መዋሉ ነው።

«ለእርስዎ ብለን ነው» አለ ወዳጄ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ይሄን ሁሉ ሰው ጠርተው አንድ ዓሣ ሊያቀርቡ ነበር? በባለቤትዎ ተራ? አፍረው እንዳይቀሩ ብዬ ነው። ሌላ ምን ጥቅም አለኝ?»

ይህን አምነዋለሁ። እስከ ዛሬም አምነዋለሁ።

«እነግራቸዋለሁ» አልሁ።

«ጋሼ፣ በልተዋል እኮ! የበላ ሰው ምን ያደርግ? ባላወቁት ነገር ኃጢአት አይሆንባቸውም።»

«እኔ አውቄ ዝም ካልሁ ግን ይሆንብኛል።»

ወደ ሳሎኑ ወጣሁ። ቆሜ ስጠብቅ ሰው ዝም አለ፤ ምርቃት የምናገር መስሏቸው ነበር። ድምፄን ሳላነሣ፣ ቃል ሳላበዛ፣ ዱለቱ የሻርክ ሥጋ መሆኑን፣ በወተት ተዘፍዝፎ ማደሩንም ነገርኋቸው። እኔ ሳላውቅ የሆነ ነው፤ አሁን ግን አውቄአለሁና ማንም ከዚህ በላይ አይብላ አልሁ።

የእትዬ እጅ ጉርሻ እንደያዘ በአየር ላይ ቀረ። ጣቶቻቸው ሲንቀጠቀጡ አየሁ። አንዱ ሳህኑን ገፋ፤ ሌላው አፉን ያዘ።

በዚህ መካከል ወዳጄ የመታጠቢያ ማንቆርቆሪያ ይዞ ከወጥ ቤት ብቅ አለ። ፈገግ ብሎ ነበር። መንገደኛ ሻንጣው ጠፍቶበት ሲጮኽ የሚያረጋጋበት ፈገግታው ነው፤ አውቀዋለሁ።

«ይብሉ እትዬ፣ ይብሉ» አለ። «ጋሼ ተደባልቆባቸው ነው። ሻርክ ይዘን ነበር፤ እውነት ነው። ግን ለቀቅነው፤ ያስለቀቁኝም ራሳቸው ናቸው። አይደለም ጋሼ? ዓሣው ዓሣ ነው። ሰሞኑን እንዲህ፣ አንዳንዴ፣ ይደባለቅባቸዋል።»

እትዬ በደከመው ዓይናቸው ልጄን ፈለጓት። «እውነት ነው ልጄ?»

ልጄ በወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። እጇ ላይ ሰላጣ ተለጥፏል። እኔን አላየችኝም።

«አባዬ ሰሞኑን ትንሽ ደክሞታል» አለች።

ሳሎኑ ተነፈሰ። ሌላ የምገልጽበት ቃል የለኝም፤ የሁሉም ትከሻ በአንድ ጊዜ ወረደ። እትዬ «አይ ዕድሜ!» አሉ፤ በአየር ላይ የነበረውን ጉርሻ ወደ አፋቸው መለሱት። ሲያኝኩ አየሁ። «ሽታውን አሽትቱ!» አልሁ። አንድ ማኅበርተኛ ዝቅ ብሎ አሸተተና «ሎሚ ነው» አለ በርኅራኄ። የወተቱን ዕቃ አምጥቼ ላሳያቸው ወደ ማቀዝቀዣው ስራመድ ሌላው ክንዴን ያዘና «ይቀመጡ፣ ይቀመጡ ጋሼ፤ እኛ እናመጣለን» አለኝ። ምን ሊያመጣ እንደሆነ አልጠየቀኝም። ደግሞስ ልጆች ባሉበት ቤት የወተት ዕቃ ምን ያስረዳል? በፋብሪካውም ቢሆን በእንዲያ ያለ ማስረጃ አልፈርምም ነበር።

ተቀመጥሁ። ማዕዱ አለቀ፤ ዱለቱም አለቀ። ሲወጡ አንድ በአንድ ጉልበቴን እየነኩ «አይዞዎት» አሉኝ። ሁሉም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ቃሉን እየለዩ ነበር የሚናገሩኝ።

ወዳጄ በሳምንቱ መጣ። ቫኑን ፓርክ አድርጎ በረንዳው ላይ ወደ ተቀመጥሁበት ቀረበ፤ አልተቀመጠም።

«ተቀየሙኝ ጋሼ?»

«የተደባለቀበት ሰው ይቀየማል?»

«ምን ላድርግ? እትዬ ሊወድቁ ነበር እኮ! እጃቸውን አላዩም?»

«አይቻለሁ።»

«እንግዲያስ?»

«ስማኝ» አልሁት። «ዓሣው ላይ የዋሸኸው ስለ እኔ ብለህ ነው። ያንን ብቆጣም ውዬ አድሬ ይቅር እልህ ነበር። እኔ ላይ የዋሸኸው ግን ስለ ራስህ ነው። አሁን ያበላሸኸውን አንተው አቅና። ለማኅበሩ እውነቱን ንገር።»

ቁልፉን በጣቱ ላይ አሽከረከረ። «እኔም እኮ በዚህ ከተማ ነው የምኖረው ጋሼ» አለ። «ለእርስዎ ያዝናሉ። ለእኔ ግን አያዝኑም።»

ሄደ። ከዚያ ወዲህ ባሕር አልወረድሁም። ብቻዬን መንዳት አልችልም፤ ብችልም ደግሞ ክሩን የሚጠብቅና ታንኳውን የሚቀዝፍ ሰው አንድ ሊሆን አይችልም።

የልጄ ግን ከዚህም ይከፋል፤ ምክንያቱም ከእርሷ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ነኝ። ማኅበርተኞቹ በስልክ ይጨቀጭቋት ጀመር። አባትሽን አሳክሚው፣ ቶሎ ከተደረሰበት መድኃኒት አለው ይሏታል። አሳክሜዋለሁ ለማለት ማሳከም ነበረባትና እዚያው አቅራቢያ ፍሪስኮ ከተማ ካለ ሐኪም አፖይንትመንት ያዘች። እኔም አልተቃወምሁም። መመርመር የሕይወቴ ሥራ ነበር፤ አሁን ናሙናው እኔ ልሁን አልሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። ሰዓት ሣል አለኝ፤ ሣልሁ። ቃላት ነግሮኝ ቆይቶ ጠየቀኝ፤ በተናገረበት ቅደም ተከተል መለስሁለት። አስተርጓሚ ላምጣ ቢለኝ አላስፈለገኝም። በመጨረሻ ለልጄ፣ አባትሽ በዚህ ዕድሜ ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ የተሻለ አእምሮ አለው አላት። ፈገግ አለች፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ። ደስታዋ እውነተኛ ነበር። ለካስ እርሷም የተናገረችውን ውሸት ጥቂት ጥቂት ማመን ጀምራ ኖሯል።

ወደ ቤት ስንመለስ አውራ ጎዳናው ተዘጋግቶ መኪናዎቹ ይንፏቀቁ ነበር።

«ሐኪሙ ያለውን ለእትዬ ትነግሪያለሽ?» አልኋት።

«አባዬ . . .»

«ያለውን ብቻ። ምንም አትጨምሪ።»

መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ከፊቷ ያለውን መኪና ኋላ ታየዋለች። «እንዴት ብዬ? ያኔማ . . .»

«ያኔማ ምን?»

«አንተ ደኅና ከሆንክ፣ የበሉት ሻርክ ነበር ማለት ነው።»

የምትለው ትክክል ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ከአንድ ነገር ተነሥታ ወደሚቀጥለው በቀጥታ እንድትደርስ ያስተማርኋት እኔ ነኝ፤ በዚያም ስኮራባት ኖሬአለሁ። እርሷም ሬዲዮ ከፈተች።

የሐምሌው ማኅበር ላይ አልተገኘሁም። በፍልሰታ ግን ልጄ ለመነችኝ፤ ብቀር ሰው በሽታው ጸናበት ይላል አለችኝ፤ አብሬአት ሄድሁ። የባለቤቴ ቦታ አሁንም የእኔ ነው፤ አልነፈጉኝም። እትዬ ከአጠገባቸው አስቀመጡኝ። ዓሣ አልነበረም፤ በፍልሰታ ማንም ዓሣ አያነሣም። ሳህኑ ሲቀርብ እትዬ ጎንበስ ብለው፣ በደከመው ዓይናቸው ተጠግተው ካዩ በኋላ፣ እጄን በእጃቸው ያዙና ጣቴን በቀስታ በወጡ ጠርዝ ላይ አሳረፉት።

«ይሄ ምስር ነው፣ ወንድምዬ» አሉኝ፤ ጮክ ብለው፣ ቃሉን ለይተው። «ይሄ ደግሞ ጎመን። እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ አይፍሩ፣ ይብሉ።»

ሊጎዱኝ አልፈለጉም። በዚያ ሳሎን ውስጥ ለእኔ ከልቡ የሚያስብ ሰው ቢኖር እርሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ስለዚህም እርሳቸውን ልናገራቸው አልቻልሁም። ከማዶ ወዳጄ ዳቦ ያድላል፤ ወደ እኛ አላየም።

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» አልሁና ከምስሩ ጎረስሁ።

«ሰማኝ መሰለኝ» አሉ እትዬ፣ በእኔ ላይ አሻግረው ለልጄ።